የሸክላ ቴኒስ ሜዳ ጥራት በምን ይለካል?

ጥያቄ፦ «በአዲስ አበባ ሁለት የቴኒስ ሜዳዎች ያሉት የአንድ ክበብ የኮሚቴ አባል ነኝ። ሜዳዎቹ ከዓመታት በፊት ቀይ አፈር ተደልድሎና በሮለር ተጠቅጥቆ የተሠሩ ናቸው። በክረምት ጭቃ ሆነው ለሳምንታት ይዘጋሉ፤ በበጋ ደግሞ ደርቀው ይሰነጠቃሉ፣ አቧራቸውም ጎረቤት አስመርሯል። አሁን ከላያቸው የጡብ ዱቄት አልብሰን ልናድሳቸው አስበናል። ለመሆኑ ጥሩ የሸክላ ሜዳ የሚባለው ምን ምን ባሕርይ ሲኖረው ነው? ያሰብነው እድሳትስ ያዋጣል?»

ምላሽ፦ ከሁለተኛው ጥያቄ ልጀምር። አሁን ባለው መሬት ላይ የጡብ ዱቄት ማልበስ አያዋጣም። ዱቄቱ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሜዳውን ያሳምረዋል፤ ከዚያ በኋላ ግን የክረምቱ ዝናብ ከሥር ካለው አፈር ጋር ያቦካዋል፣ በበጋም ነፋስ ጠርጎ ይወስደዋል። በሸክላ ሜዳ ላይ ለዓይን የሚታየው ቀይ ገጽ ከጠቅላላው ሥራ እጅግ ትንሹ ክፍል ነው። የሜዳው ጥራት የሚወሰነው ከቀዩ ገጽ በታች ያሉት ንብርብሮች ውኃን ምን ያህል ይዘው ማቆየት፣ ትርፉንም ምን ያህል ቶሎ ወደ ታች ማሳለፍ በመቻላቸው ነው። የኳሱ አነጣጠር፣ የተጫዋቹ አረጋገጥ፣ የአቧራው ነገር፣ ከዝናብ በኋላ ሜዳው የሚከፈትበት ጊዜ፣ ሁሉም ከዚህ ከውኃው ጉዳይ የሚመነጩ ስለሆኑ የመጀመሪያውን ጥያቄዎንም በዚሁ መንገድ እመልሳለሁ።

ለማነጻጸሪያ የምወስደው በዓለም ላይ ይበልጥ የሚታወቀውን የሸክላ ሜዳ፣ የፓሪሱን ሮላን ጋሮስ ነው። ስታዲየሙ የተሠራው እ.ኤ.አ. በ1928 ሲሆን፣ ዓላማውም የፈረንሳይ ቡድን የዴቪስ ካፕ (የአገሮች የቴኒስ ቡድን ውድድር) ዋንጫውን በአገሩ ሜዳ እንዲከላከል ነበር። የሜዳዎቹ ንብርብር እንዲህ ነው፦ ከሁሉም በታች ውኃ የሚያሳልፍ ትልልቅ ድንጋይ ይነጠፋል፤ በላዩ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ጠጠር ይደለደላል፤ ቀጥሎ ከ7 እስከ 8 ሴንቲ ሜትር የሚሆን የድንጋይ ከሰል ቃጠሎ ቅሪት ይመጣል፤ በዚያ ላይ ከ6 እስከ 7 ሴንቲ ሜትር የተፈጨ ነጭ የኖራ ድንጋይ ይጠቀጠቃል፤ በመጨረሻም ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሜትር ብቻ ውፍረት ያለው የቀይ ጡብ ዱቄት ይነሰነሳል። በቴሌቪዥን የምናየው ቀይ ሜዳ ቆዳው ሲገፈፍ ነጭ ነው፤ ተጫዋቾቹም የሚሮጡት በኖራ ድንጋዩ ላይ ነው ማለት ይቻላል።

ይህን ወደ ክበብዎ ስናመጣው፣ አንድ ሜዳ ከዙሪያው የመሮጫ ቦታ ጋር በተለመደው ልክ 36.57 ሜትር በ18.29 ሜትር፣ ማለትም 669 ካሬ ሜትር ገደማ ነው። 7 ሴንቲ ሜትር የኖራ ድንጋይ ለማልበስ ተጠቅጥቆ 47 ሜትር ኩብ የሚሆን ማቴሪያል ያስፈልጋል፤ ሲጠቀጠቅ የሚቀንሰውን ስናስብ ቢያንስ ሦስት፣ ምናልባትም አራት የሲኖትራክ ጭነት ማለት ነው። 2 ሚሊ ሜትር የጡብ ዱቄት ግን ከ1.3 ሜትር ኩብ ብዙም አይበልጥም፤ ለአንድ አይሱዙ እንኳ ቀላል ጭነት ነው። ኮሚቴዎች በጀት ሲይዙ ብዙውን ጊዜ ለቀዩ ዱቄት ሲከራከሩ ይውላሉ፤ ገንዘቡ የሚገባው ግን ከሥር ላለው ሥራ ነው።

የኖራ ድንጋዩ ለምን ተመረጠ ቢሉ፣ መልሱ በቅንጣቶቹ መካከል ባሉት ቀዳዳዎች ላይ ነው። ከደቃቅ ብናኝ እስከ ጥቂት ሚሊ ሜትር ጠጠር ድረስ መጠኑ ተደባልቆ የተፈጨ የኖራ ድንጋይ፣ ውኃ ጠግቦ በሮለር ሲጠቀጠቅ ትልልቁ ቅንጣት እርስ በርሱ ይጠላለፋል፣ ደቃቁ ደግሞ መካከሉን ሞልቶ በመጠኑ ያያይዘዋል። የሚገኘው ገጽ እግር የማያሰምጥ ጠንካራ፣ ነገር ግን እንደ ኮንክሪት ያልተደፈነ ነው። በእነዚያ ቀጫጭን ቀዳዳዎች ውስጥ የተያዘው ውኃ ፀሐይ ስትበረታ ቀስ እያለ ወደ ላይ ይሳባል፤ ቀዩን ዱቄት ከሥር እያረጠበ በቦታው ይይዘዋል። ዝናብ ሲበዛ ደግሞ ትርፉ ወደ ከሰሉ ቅሪትና ወደ ጠጠሩ ይወርዳል። እዚህ ላይ ብዙ ግንበኞች የሚስቱት ነገር አለ፤ ውኃን ቶሎ የሚያሳልፍ ሁሉ ጥሩ አይደለም። ከቀዩ ዱቄት በታች በቀጥታ ጠጠር ወይም ወፍራም አሸዋ ቢደለደል ውኃው በአንድ ጊዜ ተንጠባጥቦ ያልቃል፣ ዱቄቱም እስከ እኩለ ቀን ድረስ ደርቆ ይበናል። የሚፈለገው ቀስ ብሎ የሚሰጥና ቀስ ብሎ የሚያሳልፍ ንብርብር ነው።

አሁን የእርስዎ ሜዳ ወደተሠራበት ቀይ አፈር እንምጣ። ያልተተኮሰ አፈር ውስጥ ያለው ሸክላ ውኃ ሲነካው ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል። በክረምት ያብጥና ቀዳዳዎቹን ስለሚደፍን ውኃ ከላዩ ይቆማል፤ በበጋ ይኮማተርና ይሰነጠቃል። የነገሩኝ ሁለቱም ችግሮች የአንድ ጠባይ ሁለት ገጽታ ናቸው፤ ሮለር በመደጋገምም ሆነ አሸዋ በመነስነስ አይታረሙም። ጡብ ግን ከአፈር ቢሠራም አፈር አይደለም። እቶን ውስጥ በደንብ ሲተኮስ የሸክላው ውስጣዊ አደረጃጀት ለዘለቄታው ይለወጣል፤ ከዚያ በኋላ ቢፈጭም ቢረጥብም ወደ ጭቃነት አይመለስም። ግን ውስጡ ቀዳዳማ ሆኖ ስለሚቀር ውኃ ይይዛል፤ እንስራ ላዩ እያላበ ውኃውን የሚያቀዘቅዘው በዚሁ ባሕርይው ነው። ጡብ በቴኒስ ሜዳ ላይ የዋለበት ታሪክ ራሱ ይህንኑ ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ1880 ገደማ እንግሊዛውያኑ ወንድማማቾች ዊልያምና ኧርነስት ሬንሾው በደቡብ ፈረንሳይ በካን ከተማ የሣር ሜዳቸውን ሙቀት ቢያቃጥልባቸው፣ በአቅራቢያው ካለችው የሸክላ ሠሪዎች ከተማ ከቫሎሪስ የተሰባበረ ሸክላ አስፈጭተው እንዳለበሱት ይነገራል። ያለበሱት የተተኮሰውን እንጂ የአካባቢውን አፈር አልነበረም።

ስለዚህ ዱቄቱን ሲገዙ መጀመሪያ የሚጠይቁት ጡቡ እንዴት እንደተተኮሰ ነው። በቂ እሳት ያላገኘ ጡብ ተፈጭቶ ሲረጥብ ይለሰልስና ከጊዜ በኋላ ጭቃ ይሆናል። ከመጠን በላይ የተተኮሰው፣ ጠቁሮ የመስታወት መልክ ያመጣው ደግሞ ውኃ አይጠጣም፣ ቅንጣቱ ይሾላል፣ ኳስና ጫማም ይበላል። ላቦራቶሪ ሳይሄዱ የሚያረጋግጡበት መንገድ አለ። ከዱቄቱ አንድ እፍኝ ግልጽ በሆነ ጠርሙስ ውስጥ አድርገው፣ ውኃ ሞልተው፣ በኃይል ነቅንቀው ያስቀምጡት። ጥሩ ዱቄት አብዛኛው ወዲያው ወደ ታች ይወርድና ውኃው በጥቂት ደቂቃ ውስጥ መጥራት ይጀምራል። ውኃው በማግሥቱም ቀይ ሆኖ ከቆየ፣ ወይም ከታች በጣት ሲነኩት የሚያሟልጭ ልጥ ከተፈጠረ፣ ያ ዱቄት በከፊል ጥሬ አፈር ነው ማለት ነው። ቀጥሎ መጠኑን ይመልከቱ። ከ2 ሚሊ ሜትር በላይ የሆነ ቅንጣት በወንፊት መውጣት አለበት፤ ከእግር በታች እየተንከባለለ ተጫዋች ይጥላል። ሁሉም ደቃቅ ከሆነ ደግሞ ሲደርቅ ይበናል፣ ሲረጥብ ከጫማ ሥር ይለጠፋል። ትልቁና ትንሹ ተመጥኖ የተደባለቀበት ይሻላል። ጡብ ፋብሪካዎች ዘንድ ተሰብሮ የሚጣል ጡብ በቀላሉ ይገኛል፤ ነገር ግን ከግንባታ ፍርስራሽ የተለቀመ ጡብ ሲሚንቶ ስለሚለጠፍበት እንዳይቀበሉ።

በዚህ መልክ የተሠራ ሜዳ ለጨዋታው የሚሰጠው ምንድን ነው? ኳስ በሸክላ ሜዳ ላይ ስታርፍ ከዱቄቱና ከእርጥበቱ ጋር የምትፈጥረው ሰበቃ ከፍተኛ ስለሆነ ወደ ፊት የምትሄድበት ፍጥነት ይቀንሳል፤ ወደ ላይ የምትነሣበት ማዕዘን ደግሞ ይሰፋል። ለዚህ ነው በሸክላ ሜዳ ላይ ኳስ ዘግይታ፣ ከፍ ብላም የምትመጣው፤ ወደ ፊት እየተሽከረከረች የምትመጣ ኳስ በተለይ ትከሻ ድረስ ትዘላለች። ራፋኤል ናዳል ሮላን ጋሮስን 14 ጊዜ ያሸነፈው በሌላ ብዙ ነገርም ቢሆን፣ የኳሱ ሽክርክሪት ከዚህ የሜዳ ጠባይ ጋር መስማማቱ ትልቁን ድርሻ ይዟል። ዓለም አቀፉ የቴኒስ ፌዴሬሽን የሜዳዎችን ፍጥነት ከሰበቃቸውና ከማንጠር አቅማቸው አስልቶ በአምስት ምድብ ይከፍላል፤ ስሌቱ 29 እና ከዚያ በታች ያመጣ ዝግተኛ፣ 45 እና ከዚያ በላይ ያመጣ ፈጣን ይባላል። ሸክላ በአብዛኛው በዝግተኛው ጫፍ ነው። ይሁን እንጂ ያው ሜዳ በጠዋትና በቀትር አንድ አይደለም፤ ሲደርቅና ሲሞቅ ኳሱ ይፈጥናል፣ ሲረጥብና ሲቀዘቅዝ ይከብዳል። በጥሩ ሜዳ ላይ ይህ ልዩነት ቀስ በቀስ የሚመጣ ሲሆን፣ በመላው ሜዳም እኩል ነው። አንደኛው የሰርቪስ (የጨዋታ ማስጀመሪያው ምት) ክልል ደርቆ ሌላኛው ከረጠበ ግን ጥፋቱ ከአየሩ ሳይሆን ከአጠጣጡ ወይም ከሥር ካለው ንብርብር ነው።

በአዲስ አበባ የምንጫወት ሰዎች አንድ ተጨማሪ ነገር ልናስብ ይገባናል። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች አየሩ ከባሕር ጠረፉ በአንድ አምስተኛ ገደማ የሳሳ ነው፤ ኳስም በአየር ላይ እምብዛም ሳይያዝ ይከንፋል። ፌዴሬሽኑ ከ1,219 ሜትር በላይ ለሚደረግ ጨዋታ ለብቻው የተዘጋጀ የከፍታ ኳስ የፈቀደው በዚህ ምክንያት ነው። በተመሳሳይ ከፍታ ላይ ያለችው ቦጎታ የሴቶች የሸክላ ውድድር ታስተናግዳለች፤ የኢኳዶር ዋና ከተማ ኪቶም እ.ኤ.አ. ከ2015 እስከ 2018 የወንዶች ውድድር በሸክላ ላይ ታካሂድ ነበር። ከፍታው የሚሰጠውን ፍጥነት ሜዳው ስለሚቀንሰው ሸክላ ለእንደኛ ዓይነቱ ከተማ የሚመች ምርጫ ነው። ሜዳው ደርቆ ሲጠነክር ግን ይህ ጥቅም ይጠፋል፤ ተራ ኳስ ከተጨመረበት ደግሞ ጨዋታው ሰርቪስ ብቻ ይሆናል። ቢያንስ ለውድድር ቀን የከፍታ ኳስ እንዲያስመጡ እመክራለሁ።

ሁለተኛው የጨዋታ ባሕርይ መንሸራተት ነው። የሸክላ ሜዳ ተጫዋች ኳሱ ጋር ለመድረስ ሮጦ መጨረሻው ላይ ይንሸራተታል፤ እየተንሸራተተም ይመታል። ይህ የሚሆነው ዱቄቱ ከጫማው ጋር ጥቂት ሲሄድና ከሥሩ ያለው ጠንካራ ገጽ ቀስ አድርጎ ሲይዘው ነው። መያዙ በድንገት ከሆነ ቁርጭምጭሚት ይጠመዘዛል፤ ጭራሹኑ ካልያዘ ተጫዋቹ ይወድቃል። የዚህን ሚዛን መዛባት ዓለም ሁሉ ያየው እ.ኤ.አ. በ2012 በማድሪድ ነው። አዘጋጆቹ ኳሱ በቴሌቪዥን ጎልቶ እንዲታይ ብለው ሜዳውን ሰማያዊ አደረጉት። ናዳልም ጆኮቪችም ያማረሩት በዋነኛነት እግራቸው አልጨብጥ ስላለ ነበር፤ ሁለቱም ቀድመው ተሰናበቱ፣ ዋንጫውን ሮጀር ፌደረር ወሰደ፣ የወንዶቹ ፕሮፌሽናል ማኅበርም ሰማያዊው ሸክላ በቀጣዩ ዓመት እንዳይደገም አገደ። ወደ እርስዎ ሜዳ ስንመለስ፣ የደረቀና የጠነከረ ቀይ አፈር ላይ ልቅ ዱቄት መነስነስ ያንኑ የማድሪዱን ችግር በገዛ እጅ መሥራት ይሆናል፤ ከሥር የሚይዘው እርጥብ ገጽ ስለሌለ ዱቄቱ እንዳለ ከጫማው ጋር ይሄዳል።

ሜዳው በምን ሁኔታ ላይ እንዳለ ለማወቅ ከመሣሪያ ይልቅ የኳስ ምልክት ይበልጥ ይነግራል። አንድ ሰው ከባድ ኳስ እንዲመታ ያድርጉና ያረፈችበት ቦታ ላይ ቁጢጥ ብለው ይመልከቱ። በጥሩ ሜዳ ላይ ምልክቱ ሞላላ፣ ጠርዙ የጠራ፣ ጥልቀቱም ከዱቄቱ ውፍረት የማያልፍ ነው፤ ኳሷ በሄደችበት አቅጣጫ ባለው ጫፉ ላይ ብቻ ጥቂት ዱቄት ተገፍቶ ይታያል። ምልክቱ ተበትኖ ቅርጽ አልባ ከሆነና ከሥሩ ነጭ የኖራ ድንጋይ ከፈጠጠ፣ ሜዳው ደርቋል ወይም ዱቄቱ ሳስቷል። ኳሷ ጉድጓድ ቢጤ ካበጀች ደግሞ ንብርብሩ ላልቷል፣ ወይም ዱቄቱ በዝቷል። ዱቄት ሲበዛ ይሻላል የሚል ግምት በክበቦች ዘንድ የተለመደ ነው፤ ሁልጊዜም ስህተት ነው። የመስመር ዳኝነትም በዚህ ምልክት ሲሠራ ኖሯል። የወንዶቹ ውድድሮች እ.ኤ.አ. ከ2025 ጀምሮ በሸክላ ላይም ወደ ኤሌክትሮኒክ ዳኝነት ዞረዋል፤ ሮላን ጋሮስ ግን በዚያ ዓመትም የመስመር ዳኞቹን አላሰናበተም። ለክበብ ጨዋታ ዛሬም ጥሩ ዳኛ ምልክቱ ነው፤ ሜዳው ምልክት የሚይዝ ከሆነ።

የገጹ አቀማመጥ ብዙ ማብራሪያ አይፈልግም። ሜዳው ከዳር እስከ ዳር በአንድ አቅጣጫ ብቻ፣ ከ100 ሜትር 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ቢያዘቀዝቅ ይበቃዋል። መረቡ ሥር ከፍ አድርጎ ወደ ሁለቱም ጎን ማዘቅዘቅ፣ ወይም መሐሉን ማጎድጎድ አይገባም። ዝቅዝቃቱ ከዚህ ከበዛ ዝናብ ዱቄቱን አጥቦ ወደ አንድ ጠርዝ ያከማቸዋል። 3 ሜትር የሆነ ቀጥ ያለ የአሉሚኒየም ዘንግ በየቦታው አጋድመው ከሥሩ ከ6 ሚሊ ሜትር የበለጠ ክፍተት ካገኙ ያ ቦታ ይስተካከል። መስመሮቹ ከገጹ እኩል መሆን አለባቸው፤ በሚስማር የተመቱ የፕላስቲክ መስመሮች ከፍ ብለው ከቀሩ ኳስ ያዛባሉ፣ እግር ያደናቅፋሉ። በኖራ የተቀባ መስመር ርካሽ ነው፣ ግን ተጫዋች ሲንሸራተትበት ስለሚጠፋ በየጊዜው መቀባት አይቀርም።

ይህን ሁሉ በአዲስ አበባ መሬት ላይ መሥራት ይቻላል ወይ ቢሉ፣ ይቻላል፤ የሚያሳስበኝ ግን ከሁሉም በታች ያለው መሬት ነው። በተለይ በቦሌና በከተማዋ ደቡብ ምሥራቅ ብዙ ቦታ ከሥር ያለው ዋልካ ነው። ዋልካ በክረምት አብጦ ያነሣል፣ በበጋ ተሰንጥቆ ይወርዳል፤ በላዩ የተደለደለ ሜዳ ምንም ያህል ቢጠቀጠቅ በሁለተኛው ዓመት ይወዛወዛል። መፍትሔውን የመንገድና የቤት ሠሪዎች ሁሉ ያውቁታል፤ ዋልካውን ቆርጦ አውጥቶ በሰሌክት ማቴሪያል (ተመርጦ በሚመጣ፣ በማያብጥ አፈር) መተካትና በሜዳው ዙሪያ ውኃውን የሚያርቅ ቦይ መሥራት ነው። ለጠጠሩ ንብርብር ደግሞ አገራችን የታደለች ናት። በፈረንሳይ የከሰል ቅሪት የሚይዘውን ቦታ በጀርመን ብዙውን ጊዜ የሚይዘው የተፈጨ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው፤ ቀዳዳማ ስለሆነ ውኃ ያሳልፋል፣ ጥቂቱንም ይዞ ያቆያል። ይህ ድንጋይ ከቢሾፍቱ አካባቢ ኮረብታዎች እየተቆረጠ ለግንባታ የሚመጣውና ሠራተኞች ሬድ አሽ የሚሉት ዘመድ ነው። በወንፊት ተለይቶ ከተጠቀጠቀ ለዚህ ሥራ በሚገባ ይሆናል። የኖራ ድንጋይም ከሙገር ሸለቆ እስከ ድሬዳዋና መቀሌ ድረስ ሞልቷል፤ የሚያስፈልገው ወፍጮ ቤቱ ከብናኙ ሳይለይ፣ መጠኑን ደባልቆ እንዲፈጭ መስማማት ነው። የአብዛኛው ጠጠር አምራች ልማድ ብናኙን ለይቶ ጠጠሩን መሸጥ ስለሆነ፣ ይህን በውል ላይ በግልጽ ያስፍሩት።

አሁን የቀረው ዋናው ወጪ ነው፣ ውኃ። የሸክላ ሜዳ ሲገነባ ርካሽ ሊመስል ይችላል፤ በየቀኑ ግን ይጠጣል። በደረቁ ወራት ከሜዳው በቀን 4 ሚሊ ሜትር ቢተን ከ669 ካሬ ሜትር ላይ 2,700 ሊትር ገደማ ይሄዳል፤ ለሁለቱ ሜዳዎች 5,400 ሊትር መሆኑ ነው። የቧንቧ ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ይህን በቧንቧ ብቻ መወጣት አይታሰብም። የጉድጓድ ውኃ ከሌላችሁ፣ ቢያንስ የሁለት ቀን ፍጆታ የሚይዙ ሮቶዎች ከሜዳው ግንባታ ጋር አብረው በበጀት ይያዙ። ማጠጣት ያለባችሁ ማታ፣ ጨዋታ ካለቀ በኋላ፣ ውኃው እስከ ኖራ ድንጋዩ ድረስ እስኪጠግብ ነው፤ ቀን በጨዋታ መካከል የሚረጨው ገጹን ለማርጠብ ያህል ብቻ ነው። በየግማሽ ሰዓቱ ላይ ላዩን ብቻ የሚረጭ ሜዳ ከላይ ጭቃ ከሥር ደረቅ ሆኖ ይውላል፤ ከሁሉም የከፋው ሁኔታ ይኸው ነው። በአሜሪካ ክበቦች እርጥበት ለማቆየት ካልሲየም ክሎራይድ መነስነስ የተለመደ ሲሆን እኛም ዘንድ በበጋ ሊረዳ ይችላል፤ ሆኖም ሲበዛ ሜዳውን ያሟልጫል፣ የመረቡን ብረትም ያዝገዋል። ውኃን ሊተካ አይችልም።

ክረምቱስ? በደንብ የተሠራ ሜዳ ከሰዓት በኋላ ከባድ ዝናብ ቢወርድበትም በማግሥቱ ጠዋት ያጫውታል፤ ቀለል ያለ ዝናብ ከሆነም በአንድ ሰዓት ገደማ ውስጥ ይከፈታል። ነገር ግን የክበቡ ጸሐፊ ሳይሆን የሜዳው ሠራተኛ ነው ሜዳውን መክፈት ያለበት። ተረከዙን መሬቱ ላይ አሳርፎ ይጫን፤ በዱካው ውስጥ ውኃ ካብለጨለጨ ወይም ዱቄቱ ከጫማው ሥር ተለጥፎ ከመጣ፣ ማንም ቢለምን አይከፈትም። በዚያ ሁኔታ አንድ ሰዓት የተጫወቱበት ሜዳ ለማስተካከል ቀናት ይፈጃል። ሮለርም እንዲሁ ነው፤ ገጹ ረጥቦ፣ ግን ሮለሩ ላይ የማይለጠፍበት ሰዓት ተጠብቆ ብቻ ይነዳል። ከእያንዳንዱ ጨዋታ በኋላ ዱቄቱን የሚያስተካክለውን የመጎተቻ መረብ መጎተቱን ተጫዋቾቹ ራሳቸው እንዲያደርጉት ደንብ ያድርጉት፤ ከውጭኛው ጠርዝ ተነሥቶ እየዞሩ ወደ መሐል መምጣት ነው። ሁልጊዜ ወደ አጥሩ የሚጎተት ከሆነ ዱቄቱ አጥር ሥር ተከምሮ መሐሉ ይራቆታል። ከኋላ መስመሩ በስተኋላ፣ ተጫዋች ሰርቪስ በሚመታበትና ቆሞ በሚጠብቅበት ቦታ የሚፈጠረው ጉድጓድ ሲታይ ወዲያው ዱቄቱ ተጠርጎ፣ ከሥሩ ያለው ተቧጥጦ፣ በዚያው በኖራ ድንጋይ ተሞልቶ፣ ረጥቦ መጠቅጠቅ አለበት። በዱቄት ብቻ የተሞላ ጉድጓድ በሳምንቱ ተመልሶ ይመጣል።

ስለ ሌሎች አማራጮች ሊጠይቁኝ እንደሚችሉ እገምታለሁ። በአሜሪካ ሃር-ትሩ የሚባለው አረንጓዴ ሜዳ በቨርጂኒያ ከሚወጣ ጠንካራ ድንጋይ የሚፈጭ ሲሆን፣ የአሜሪካ ኦፕን እ.ኤ.አ. ከ1975 እስከ 1977 በዚያ ላይ ተካሂዷል፤ ዛሬም በቻርልስተን የሴቶች ውድድር ይስተናገድበታል። ቶሎ ይጠነፍፋል፣ ከቀዩም ይፈጥናል፤ ከውጭ አስመጥቶ ማልበስ ግን ለእናንተ የሚመከር አይደለም። ምንጣፍ ላይ ቀይ አሸዋ ተነስንሶ የሚሠራውም ውኃ አይፈልግም፣ መንሸራተቱ ግን ያው አይደለም፤ ሁሉም ዕቃው በውጭ ምንዛሪ የሚገባ መሆኑም አለ።

እንግዲህ ከምንም ነገር በፊት እንዲያደርጉ የምጠይቅዎ ይህን ነው። በአንደኛው ሜዳ ላይ ሁለት ቦታ፣ አንዱን ከኋላ መስመሩ በስተኋላ፣ ሌላውን ከመረቡ ምሰሶ አጠገብ፣ 50 ሴንቲ ሜትር በ50 ሴንቲ ሜትር የሆነ ጉድጓድ እስከ 60 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያስቆፍሩ። የየንብርብሩን ውፍረትና ዓይነት ይመዝግቡ፤ ዋልካ በስንት ሴንቲ ሜትር ላይ እንደተገኘ በተለይ ይጻፉ። ከዚያ ጉድጓዱን በውኃ ሞልተው አንድ ጊዜ ይስረግ፤ ለሁለተኛ ጊዜ ሞልተው ውኃው በሰዓት ስንት ሴንቲ ሜትር እንደሚወርድ ይለኩ። ሥራው ራሱ መስከረም አልፎ መሬቱ ሲጠነፍፍ ቢጀመር፣ የኖራ ድንጋዩ በበጋው እየረጠበና እየተጠቀጠቀ ከሚቀጥለው ክረምት በፊት ለመርጋት በቂ ወራት ያገኛል። በአንደኛው ሜዳ ብቻ ጀምሩ፤ ሁለተኛው በዚያ ጊዜ ማጫወቱን ይቀጥል። የጉድጓዶቹን ልኬት ከላኩልኝ ስንት ሴንቲ ሜትር ተቆርጦ መውጣት እንዳለበትና የየማቴሪያሉን መጠን አስልቼ እመልስልዎታለሁ።